የእንቅልፍ ትርፍ ሰዓት

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በተለይ የእንክብካቤ ሠራተኞች በሚኖሩበት አዲሱ ሰፈር፣ ጠዋት "ደህና አደርሽ?" ሲባል የሚሰጠው መልስ ከተለወጠ ቆይቷል። "አልሐምዱሊላህ" ወይም "እግዜር ይመስገን" ማለት አልቀረም፤ ግን ከሱ በኋላ አንድ ነገር ይከተላል። "እግዜር ይመስገን፤ አዲስ አሮጊት መጥታብኝ ስታለቅስ አደረች።" "አልሐምዱሊላህ፤ ዳሌው የተሰበረ ሰው ሳገላብጥ አደርኩ።" ጠያቂዋ "አይዞሽ" ትልና ወደ አውቶቡሱ ትገባለች። ማንም በዚህ አይገረምም።

ነጂማ እንድሪስ ምርኩዝ በሚባለው የርቀት እንክብካቤ ድርጅት ከተቀጠረች ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራዋ አዛውንት ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። አዛውንቶቹ ያሉት በሰሜን በኩል በረዶ በማይለየው አንድ አገር ነው፤ እሷ ያለችው ደግሞ ድሮ የልብስ ፋብሪካ በነበረው አዳራሽ ውስጥ። ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ማዶ ያለው ማሽን በእሷ እጆች አዛውንቱን ከአልጋ ያነሳል። በአማርኛ ትናገራለች፤ እነሱ በቋንቋቸው ይሰሟታል። ስምንት ሰዓት ሠርታ ወንበሩን ለተረኛ ትለቃለች። ደመወዟ የሚታሰበውም በነዚህ ስምንት ሰዓቶች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሻሹ ነው።

ድርጅቱ "የእረፍት ረዳት" ይለዋል። ግንባር ላይ የሚታሰር ስስ ጨርቅ ስለሆነ ሠራተኞቹ ሻሽ ብለውት ቀርቷል። ሲተኙ ይታሰራል፣ ሲነሱ ይፈታል። አስሮት ያደረ ሰው ማታ የማያውቀውን ጠዋት አውቆ ይነሳል። ነጂማ ፊቷን እየታጠበች ሳለ ኤይናር የሚባሉት ሽማግሌ ግራ ጉልበታቸው እንዳበጠና መነካት እንደሌለበት ድንገት ታውቃለች። አዲስ የመጡት ሴትዮ ውሃ ፊታቸው ላይ ሲፈስ እንደሚደነግጡ ታውቃለች። አንዴ እንዲያውም ማዶ ያሉትን ማሽኖች በሙሉ ባንድ ቀን ቀየሯቸው፤ በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልተደናገረም። ሁሉም አዲሱን ቀበቶ ሲቆልፍ የኖረ ይመስል ጣቶቹን ዘርግቶ ሥራውን ቀጠለ።

ውሉ ላይ ሻሹ ግዴታ ነው አይልም። ሳያስሩ ያደሩ እንደሆነ ግን ወንበሩ አይበራም። ከፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ላይ "ዝግጅት አልተሟላም" የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ወደ ቤት መመለስ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ደመወዝም የለም።

ነጂማ ይህን ለምዳው ነበር። ተኝታ ስትነሳ ክንዷ የሚዝለው ለምን እንደሆነ አትጠይቅም። ሁለቱ ልጆቿም "እማ፣ ምን አለምሽ?" ብለው መጠየቃቸውን ትተዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበርና።

ነገሩን የቀሰቀሰው የጋሽ አበጋዝ ለቅሶ ነው። ጋሽ አበጋዝ ሙሔ ከነጂማ ወንበር ቀጥሎ የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አባቱ በትውልድ አገሩ በለጋምቦ ሞቱና የሐዘን ፈቃድ ወስዶ ሄደ። ሻሹን ግን ይዞት አልሄደም።

"ባባቴ ለቅሶ ቤት የሰው አገር ሽማግሌ ሳጥብ ልደር?" አለ ተመልሶ፣ ምሳ ላይ። "አልችልም አልኩ። ቤት ጥዬው ሄድኩ።"

ሲመለስ ወንበሩ አልበራለትም። የቀረበትን ዝግጅት ሁሉ ተኝቶ እስኪያሟላ ድረስ ቀናት አለፉ፤ የነዚያ ቀናት ደመወዝ ተቆረጠ። ይህን ሲናገር ምሬት አልነበረበትም፤ ምግቡን ያላምጥ ነበር።

ነጂማ ግን ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ ሻሹን አስረህ ስትተኛ ምን ላይ ነህ?"

"እረፍት ላይ ነዋ።"

"ሳታስር ለጋምቦ ስትተኛስ?"

"ያው እረፍት ላይ።"

"ታዲያ የትኛው እረፍት ነው ደመወዝ የሚያስቆርጠው?"

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሴቶች ቀና አሉ። ነጂማ የተናገረችው ለራሷም አዲስ ነበር። "ካልተኛሁላችሁ ሥራ የለም ካሉ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "መተኛቴ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ ይከፈላል። ከስምንት ሰዓት በላይ ከሆነ በትርፍ ሰዓት ይከፈላል።"

አንዷ ሳቀች። ሌሎቹ አልሳቁም።

ጠበቃ ትርሲት አግደው ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሴት ናቸው። ነጂማና ጋሽ አበጋዝ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ አልገለጡትም።

"ክስ አላችሁ፣" አሉ በመጨረሻ። "ማስረጃ ግን የላችሁም።"

"ሻሹ ራሱ አለ አይደል?" አለች ነጂማ። "ምን እንዳስተማረን ውስጡ ይኖራል።"

"ይኖራል። የድርጅቱ ንብረት ነው፤ የንግድ ምስጢር ነው ብለው ይቆልፉበታል። እስኪከፈት አንቺ ጡረታ ትወጫለሽ። እነሱ የሚሉት አጭር ነው፤ 'ከሳሾች ተኝተው ነበር።' እውነት ነው፤ ተኝታችሁ ነበር። የተኛ ሰው ስለራሱ ምን ብሎ ይመሰክራል?"

ከታች የሚፈተሽ ሞተር ድምፅ ይመጣል።

"ማነው አጠገብሽ የሚተኛው?" አሉ ትርሲት።

"ባለቤቴ።"

"እሱ ግን ነቅቶ ያውቃል። አይደል?"

የነጂማ ባል ይማም የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ አንዱን ፓምፕ ፈታትቶ የማርሾቹን ጥርሶች በናፍጣ ሲያጥብ አገኘችው። የምትፈልገውን ነገረችው። እጁን አላቆመም።

"ፍርድ ቤት ቆሜ የሚስቴን አልጋ አላወራም።"

"የአልጋ ወሬ አይደለም፤ የሥራ ወሬ ነው።"

"የምሰማው እኔ ነኝ፣ ነጂማ።" የያዘውን ማርሽ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። "ሥራ ይሁን ሌላ የማውቀው እኔ ነኝ።"

"ምን ማለትህ ነው?"

ሌላ ማርሽ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ባሏ ቁጡ ሰው አይደለም፤ የሚያመው ነገር ሲኖር እንዲህ ቃል ይጠፋበታል።

"ታባብይዋለሽ፣" አለ። "ያን ሽማግሌ ይሁን ማንን ይሁን አላውቅም። በማላውቀው ቋንቋ። ቋንቋው አይደለም የከበደኝ፤ ድምፅሽ ነው። ቀን ደክሞሽ ትመጫለሽ፤ የተረፈሽን ለኛ ትሰጪናለሽ፤ ይሄ አልከፋኝም፣ የሁሉም ቤት እንደዚህ ነው። ሌሊት ግን ያ ድምፅ እንዳለሽ እሰማለሁ። ለኔ አውጥተሽው የማታውቂው ድምፅ። ሰባት ዓመት አጠገብሽ ተኝቼ ለሌላ ሰው ሲነገር እሰማለሁ።"

ነጂማ "ኤይናር ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል እኮ" ልትል ነበር፤ አፏ ላይ ሲደርስ ቀልድ መስሎ ስለታያት ተወችው። ከጎኑ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ያሳፍረኛል ብላ የጠበቀችው ነገር አላሳፈራትም። የተሰማት ንዴት ነበር፤ ቤቷ ገብቶ የቆየ ሌባ እንዳገኘች ዓይነት።

"እኔ ሰምቼው አላውቅም፣" አለች። "ያልከውን ድምፅ። አንተ ትሰማዋለህ፤ ሰውየው ይጠቀምበታል፤ ድርጅቱ ይሸጠዋል። ድምፁ የኔ ነው፤ እኔ ብቻ አላገኘሁትም።"

ይማም ቀና ብሎ አያት።

"ምን እንደምል ንገረኝ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

አንገቱን አቀርቅሮ፣ እንደሚያፍር ልጅ፣ "ሩሊ፣ ሩሊ" አለ። "ይህን አብዝተሽ ትያለሽ። ከዚያ ደግሞ... ያይ ሃር ዳይ። ያይ ሃር ዳይ።" ቃሉን እንዳለ፣ የእሷን ዜማ ጭምር ይዞ ነበር የተናገረው። ነጂማ የራሷን ድምፅ ከባሏ አፍ ሰማች።

"ምን ማለት ነው?" አላት።

"አላውቅም፣" አለች። እውነቷን ነበር።

ያን ቀን እመሰክራለሁም አልመሰክርምም አላላትም። ፓምፑን መግጠም ቀጠለ፤ እሷም ተነስታ ገባች።

ክሱ በብዙ ሠራተኞች ስም ሲቀርብ ድርጅቱ አልጮኸም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪሩቤል ነጂማን ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሳበላት። ወጣት ነው፤ ሰው ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"እህት ነጂማ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሥራ ነገ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል። ወንበር ነው፤ ማንሳት ቀላል ነው። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ግን ከጎንሽ ያሉት ሴቶች ይህን አስበውበታል?"

"እነሱን ይጠይቁ።"

"አንቺን ተቆጣጣሪ ልናደርግሽ አስበናል። ተቆጣጣሪ ደግሞ ሻሽ አያስርም። ቤትሽ ገብተሽ እንደ ማንኛውም ሰው ትተኛለሽ።"

ነጂማ ጥያቄውን በቁም ነገር አሰበችበት፤ ይህን ኋላ ለማንም አልደበቀችም። እንደ ማንኛውም ሰው መተኛት። ልጆቿ፣ ይማም። አንዲት ፊርማ ብቻ ናት።

"እኔ ስነሳ ወንበሬ ላይ ማን ይቀመጣል?" አለች።

"ሌላ ሠራተኛ ነዋ።"

"ሻሽ አስራ?"

አቶ ኪሩቤል የሹመቱን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

"እንግዲያው ይቅርብኝ፣" አለችና ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ድርጅቱ ሊነቀል ነው ተባለ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ መሆን ጀመረ። የቤት ኪራይ ያለባቸው፣ ልጅ የሚያስተምሩ ሴቶች እየመጡ፣ አንዳንዶቹ እያለቀሱ፣ ስማቸውን ከክሱ አስወጡ። ነጂማ አንዳቸውንም አልተቆጣችም። የቀሩትን ግን በየቤታቸው ሄዳ፣ ከባሎቻቸውና ከእናቶቻቸው ጋር ተቀምጣ አነጋገረች። "እኔን አትመኑ፤ ማታ አጠገቧ ስትተኙ ጆሯችሁን ስጡና እመኑ" ትላቸው ነበር። ጋሽ አበጋዝም አብሯት ይዞራል፤ እንደ ልማዱ ሳይናገር፣ ግን ከአንድም ቤት ሳይቀር።

የሥራ ክርክር ችሎቱ አዳራሽ ትንሽ ናት። የችሎቱ ቀን በመስኮት የሚገባው ፀሐይ የድርጅቱን ጠበቃ ፊት እየመታ ያስቸግራቸው ነበር። ዳኛዋ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናቸው፤ የሚነገረውን ቃል ብቻ ይጽፋሉ፤ አይስቁም።

የተከሳሽ ጠበቃ ክርክራቸውን ያቀረቡት በጥሩ አማርኛ ነው። እንቅልፍ የሰው ልጅ እረፍት መሆኑን፣ ከሳሾች በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው አልጋ፣ አንዳችም ሳይደክሙ መተኛታቸውን፣ እንዲያውም ሻሹ እንቅልፋቸውን እንዳሳመረላቸው ገለጹ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተኝቶ የሠራ ሰው በሕግም በልማድም አይታወቅም" ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ምስክሮች መግባት ጀመሩ። የአንዷ ሠራተኛ አማት ምራታቸው በተኛችበት ትራስ እያቀፈች እንደምታገላብጥ፣ አንዴም እሳቸውኑ ልታጥብ ብላ ቀሚሳቸውን እንደፈታችባቸው ተናገሩ፤ ችሎቱ ሊስቅ ሲል ዳኛዋ አንገታቸውን ቀና አደረጉና ጸጥ አለ። የጋሽ አበጋዝ ሚስት "ሌሊት ሲሠራ ክንዱ እየመታኝ፣ እኔ መሬት ከተኛሁ ቆየሁ" አለች።

የነጂማ ምስክር ስም ሲጠራ በሩ ላይ ማንም አልታየም። ትርሲት ወደ ነጂማ ዞሩ። ነጂማ ጉልበቷን እያየች ተቀመጠች። ሁለተኛ ሲጠራ ይማም ገባ፤ በሠርጋቸው ጊዜ የለበሰውን ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ጠቦታል።

ማለና ቆመ። ትርሲት ሚስቱ በእንቅልፏ የምትለውን እንዲናገር ጠየቁት።

ይማም ነጂማን አላያትም። "ሩሊ፣ ሩሊ። ያይ ሃር ዳይ" አለ፤ ያንኑ ዜማ ይዞ፣ ያንኑ ልስላሴ፣ ሰው በተሞላበት አዳራሽ ውስጥ።

ግድግዳው ላይ ያለው የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ማሽን ስሜት በሌለው ድምፁ ተከተለ፦ "ረጋ በል፣ ረጋ በል። ይዤሃለሁ። ይዤሃለሁ።"

ነጂማ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትል እንደኖረች ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"ከሳሽ ይህን ቋንቋ ያውቃሉ?" አሉ ዳኛዋ።

ነጂማ ተነሳች። "አላውቅም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ቀን በአማርኛ ነው የምናገረው።"

የተከሳሽ ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሱ። "አቶ ይማም፣ ሰው የዋለበትን ማለሙ ያለ ነው። ባለቤትዎ ያለሙት ሕልም ሊሆን አይችልም?"

"ሕልምማ ቢሆን፣" አለ ይማም፣ "አንድ ቀን እኔም እገባበት ነበር።"

"አልገባኝም።"

"ሰባት ዓመት ነው፣ ጌታዬ። አንድ ሌሊት ስሜን አልጠራችም። የልጆቿንም። ልጃችን ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እንኳ ቀን ስታለቅስ ትውላለች፤ ሌሊት እነዚያን ሰዎች ታጥባለች። የራሷ ሕልም ቢሆን ኖሮ ልጇን ሳታይ ታድራለች?"

ጠበቃው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዳኛዋ ግን ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ሻሹን ሳያስር ያደረ ሠራተኛ ቢመጣ ድርጅቱ ወንበር ይሰጠዋል?"

"አይሰጠውም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ዝግጁ ስላልሆነ ለአዛውንቶቹ ደኅንነት ያሰጋል።"

"ዝግጁ የሚሆነው መቼ ነው?"

ጠበቃው ወረቀታቸውን አገላበጡ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነበር። "ማታ... ሲተኛ" አሉ።

ፍርዱ ከበጋው መውጫ በፊት ተሰጠ። አሠሪ ለሥራው ብሎ የሚይዘው ሰዓት፣ ሠራተኛው ነቅቶም ይሁን ተኝቶ፣ የሥራ ሰዓት ነው ተባለ። ሻሽ ታስሮ የታደረው ሁሉ በሌሊት የትርፍ ሰዓት ተመን ተሰልቶ እንዲከፈል፣ ሻሽ ባለማሰሩ ምክንያትም ማንም ሰው ወንበሩን እንዳይነፈግ፣ ዝግጅት የሚያስፈልግ ከሆነ ቀን በደመወዝ እንዲሰጥ ታዘዘ። ድርጅቱ ደሴ ላለው የበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ፤ እሱም አጸናው። ድርጅቱ አልተነቀለም። ስማቸውን ያስወጡት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ትርሲት ቢሮ መውጣት ጀመሩ፤ ትርሲትም ዓይናቸውን ጨፍነው የሁሉንም አዳመጡ።

ነጂማ ገንዘቡ የገባላት ቀን ትደሰታለች ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ደስ አላት፤ ደስታው ግን እሷ እንዳሰበችው አልነበረም። የልጆቿን ትምህርት ከፈለች፤ ጣራው ተሠራ። ከዚያ በኋላ ይማምን አጠገቧ አስቀምጣ የሄዱትን ሌሊቶች ማን እንደሚመልሳቸው ጠየቀችው። ይማም እጇን ያዘ።

በሳምንቱ ድርጅቱ አዲስ ውል አወጣ። ከእንግዲህ ሻሽ ማሰር በፈቃድ ነው፤ የሚያስር ሰው ግን በየሌሊቱ ይከፈለዋል፣ ክፍያውም ከቀኑ ይበልጣል። ሠራተኞቹ በአዳራሹ መስኮት ፊት ተሰለፉ። ብዙዎቹ ለመፈረም ነበር የመጡት። ጋሽ አበጋዝም ፈረመ።

"ቤት ጀምሬያለሁ፣" አላት ዞር ብሎ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው። "ሁለት ዓመት ብቻ። ከዚያ እፈታዋለሁ።"

"አሁን መፍታት ትችላለህ፣ ጋሼ። ዋናው እሱ ነው፣" አለችው። አልተቀየመችውም። ቢሆንም ከመስኮቱ ሲርቅ ያየችው ጀርባ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ካየችው ይልቅ ጎብጦ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ሻሹን አጣጥፋ በመስኮቱ አስገባች። ውስጥ ያለችው ወጣት ጸሐፊ አነሳችው፣ ቁጥሩን አየች፣ ጣቷን ከፊቷ ባለው መስታወት ላይ አሳረፈች።

"ተመላሽ ነው?"

"ተመላሽ ነው።"

"የመለሱበት ምክንያት?"

"ልተኛበት ነው ሌሊቱን።"

ጸሐፊዋ መስታወቱን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው። "ሕመም አለ፣ እርግዝና አለ፣ ሥራ መልቀቅ አለ። ይሄ የለም። ከነዚህ አንዱን ይምረጡ።"

"ከነዚህ አንዱም አይደለም።"

"ምርጫው ውስጥ የለም እኮ፣ እታለም።"

"ጨምሩበት፣" አለች ነጂማ።

ጸሐፊዋ አለቃ ለመጥራት ተነሳች። ነጂማ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላዋ የተሰለፉት፣ ሊፈርሙ የመጡትም ጭምር፣ አንዳቸውም አላጉረመረሙም፤ ከመሃላቸው አንዲት ሴት የራሷን ሻሽ ከቦርሳዋ አውጥታ እንደ ነጂማ አጣጠፈችና ተራዋን ጠበቀች።